የወባው ማሽን ኮሮና ሲመረምር

ጅማ ውስጥ «ተመራማሪ ነኝ» ካላችሁ ሰው ያዝንላችኋል። ሐኪም ነኝ ብትሉ ወገቡን የሚያመው ሰው ወዲያው ይመጣል። የቡና ነጋዴ ነኝ ብትሉ ዋጋ ይጠይቃችኋል። ተመራማሪ ስትሉ ግን ትንሽ ዝም ይባልና «እና ሥራ የምትጀምሪው መቼ ነው?» ይመጣል። አጋሮ ያለው አጎቴ ይህን ጥያቄ በየበዓሉ ነበር የሚያነሳው፣ ያውም ቤቱ ሰው ሞልቶ። አልፈርድበትም። ያኔ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ እየበሳሁ ማውጣትና የወባው ጥገኛ መድኃኒት የሚለምድበት ለውጥ ጂኑ ላይ አለ ወይስ የለም እያልኩ መፈለግ ነበር። ይህን ለቡና ነጋዴ አስረዱት እስቲ።

ኮሮና ሲነሳ ሰው ትዝ የሚለው ማስኩ፣ አልኮሉና በየቀኑ የሚነገረው ቁጥር ነው። «ባለፉት 24 ሰዓታት ለዚህን ያህል ሰው የላብራቶሪ ምርመራ ተደርጎ...» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያኔ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውት ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለችው «ላብራቶሪ» የምትባለዋ ግን ማን ናት? ብዙዎቹ ለኮሮና የተሠሩ አልነበሩም። ለወረርሽኝ ተብለው የተሠሩም ጥቂት ናቸው። ለሥጋ ደዌ፣ ለቲቢ፣ ለወባ፣ ለከብት በሽታ የተቋቋሙ ቤቶች ናቸው አገር የመረመሩት።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ጥር 2012 ላይ ከቻይና የገቡና የተጠረጠሩ ሰዎች ሲገኙ ናሙናቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው የተላከው። በዚያን ሰሞን በመላው አፍሪካ ይህን ቫይረስ ለይቶ መናገር የሚችል ላብራቶሪ የነበራቸው አገሮች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካና ሴኔጋል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ራሱ መመርመር ጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣው የ48 ዓመቱ ጃፓናዊ፣ ሲገኝ ናሙናው ባሕር መሻገር አላስፈለገውም።

ግን አንድ ላብራቶሪ ለመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ምን ይሆናል? በዚያ ላይ እኛ ጅማ ነን። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከአፍንጫና ከጉሮሮ የተወሰደ ናሙና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው የሚታገሠው፤ ከዚያ ካለፈ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ የሚያወርድ ፍሪዘር ይፈልጋል። አሁን ናሙናዋን በአይስ ቦክስ አድርጋችሁ መኪና ላይ ጫኗት። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰቆሩን አልፋ፣ የጊቤን በረሃ ወርዳ፣ ወልቂጤ ወጥታ፣ ወሊሶ ደርሳ፣ አዲስ አበባ ስትገባ ከየክልሉ የመጣው ሁሉ ቀድሟት ተሰልፏል። ናሙናው ከቴፒ ወይም ከመቱ ከሆነ ደግሞ ጅማ ራሷ ግማሽ መንገድ ናት። ውጤቱ እስኪመለስ ለይቶ ማቆያ ያለው ሰውዬ ወይ ድኗል፣ ወይ ግድግዳ ዘሎ ሄዷል።

ስለዚህ ዙሪያው ታየ። ማን ጋ ነው ማሽኑ፣ ፒ ሲ አር የሚባለው የዘረ መል መመርመሪያ፣ ያለው? ማን ነው እጁ የለመደው?

መልሱ ምርምር ቤቶች ጋ ነበር። አዲስ አበባ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ጥናት ነበር፤ ስሙም የተወሰደው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው። እሱ ገባበት። ሰበታ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ፣ አፍተግር ነው አይደለም እያለ የበሬ ናሙና ሲያይ የኖረው፣ እሱም ገባበት። (ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ስለሆነች ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የከብት ሐኪሞች ሰውን መረመሩ ስትሉ የሚስቅ አለ። ቫይረሱ እንደሆነ ማን እንደመረመረው ግድ የለውም።) ከዚያ የክልልና የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪዎች ተከተሉ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከነዚያ መሐል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቲቢ ምርምር ማዕከል ካቋቋመ ዓመታት አልፈው ነበር። በወባም በኩል በግልገል ጊቤ አካባቢ ትንኝና ጥገኛ ሲያጠኑ የኖሩ ሰዎች ነበሩት።

እንግዲህ የወባው ማሽን እንዴት ኮሮና ይመረምራል? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ስለሆነ በአጭሩ ልበል። ማሽኑ ስለ በሽታው ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ማሞቅና ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ብርሃን መቁጠር ነው። 95 ዲግሪ ያደርስና የዘረ መሉን ሁለት ክር ይለያያል፤ ያቀዘቅዝና እያንዳንዱን ክር ያስገለብጣል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። በሠላሳኛው ዙር ከአንድ ቅንጣት ተነስቶ ቢሊዮን ይደርሳል፤ በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ይጎላል። ብዙውን ጊዜ እስከ 40 ዙር ይሄዳል። የኮሮና ቫይረስ አር ኤን ኤ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ ይቀየራል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የትኛው በሽታ እንደሚፈለግ የሚወስነው ማሽኑ ውስጥ የሚገባው አጭር የዘረ መል ቁራጭ ነው፣ ፕራይመር የሚባለው። ለወባ የወባን ፕራይመር፣ ለኮሮና የኮሮናን። ቻይኖቹ የቫይረሱን ዘረ መል ለዓለም የለቀቁት ጥር መጀመሪያ 2012 ነው። በርሊን ያሉ ሰዎች በዚያው ሰሞን የምርመራውን አሠራር አወጡ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አሰራጨው። እኛ ጋ ማሽኑ ድሮውንም ነበር።

ማሽኑ ነበር ስል ግን ዋናው ነገር እሱ እንዳይመስላችሁ። ማሽን በገንዘብ ይገዛል። እጅ አይገዛም። ቲቪ ላይ የማይታየው ሥራ ያለው ከማሽኑ በፊት ነው፤ ናሙናውን ከፍቶ፣ ቫይረሱን ገድሎ፣ አር ኤን ኤውን ለብቻው አጥቦ ማውጣት። ኤክስትራክሽን እንለዋለን። በእጅ ሲሠራ ማሽኑ ከሚፈጅበት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሴፍቲ ካቢኔቱ ፊት ትቀመጣላችሁ። ልብሱ ፕላስቲክ ነው፣ ጓንቱ ድርብ ነው፣ መነጽሩ በትንፋሽ ይጨፈናል፤ መጥረግ ደግሞ አይቻልም። የክረምት ጅማ ውጭ ይዘንባል፣ እናንተ ውስጥ ላብ በላብ ናችሁ። ሽንት ቤት መሄድ ማለት ልብሱን መጣል ነው፣ ልብሱ ደግሞ ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ጠዋት ቡና አንጠጣም ነበር። ጅማ ተቀምጦ ቡና አለመጠጣት!

አንድ ሳህን ላይ 96 ጉድጓድ አለ። ሁለቱ የኮንትሮል ናቸው፣ 94ቱ የሰው። ከኮንትሮሎቹ አንዱ ቫይረስ እንዳለበት የሚታወቅ ነው፣ የግድ መብራት አለበት። ሌላው ንጹሕ ውሃ ነው፣ በምንም ተአምር መብራት የለበትም። ውሃው ከበራ ዘጠና አራቱ ሰው እንዳለ ይወድቃል፣ እንደገና ይሠራል። በሞለኪውል ምርምር ያደገ ሰው ከቫይረሱ በላይ የሚፈራው ይህንን ነው፤ የራሱን ሥራ ትርፍራፊ። አንዴ የበዛው ዲ ኤን ኤ አየር ላይ ከወጣ ለሳምንታት ያስቸግራል። ለዚህ ነው ክፍሎቹ የሚለዩት። ማሽኑ ክፍል የገባ ሰው በዚያን ቀን ወደ ንጹሑ ክፍል አይመለስም። ጋውኑ ይለያል፣ ፒፔቱ (ፈሳሽ እየመጠነ የሚወስደው መሣሪያ) ይለያል፣ እስክሪብቶው ሳይቀር ይለያል። በሥልጠና ወረቀት ላይ ይህ አንድ መስመር ነው። ሰው ላይ የሚሰርጸው ግን ውሃው በርቶበት ከአንዴም ሁለቴ የወር ሥራው ሲበላሽበት ነው። እኛ ያንን ዋጋ በወባ ከፍለን ጨርሰን ነበር። አበሻ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ነገር እዚህ ጋ አይሠራም። ሰርገኛው በር ላይ ቆሞ ፒፔት አያያዝ አይማሩም።

ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ የምርምር ላብራቶሪን አላሞግስም፤ አገር ለመመርመር የሚመች ቤት አይደለም። ምርምር ቤት ቀስ ብሎ መጠራጠር የለመደ ነው። ውጤቱ ካልጣመን «ሰኞ እንድገመው» እንላለን። ናሙናው ቁጥር ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ ዓመት ይቀመጣል፣ ማንም ስልክ አይደውልበትም። የኮሮናው ናሙና ግን ጫፉ ላይ ሰው አለ። ብዙ ያስቸገረን ቫይረሱ አልነበረም ብል ታምኑኛላችሁ? ወረቀት ነበር።

ቱቦ ላይ በእስክሪብቶ ስም ይጻፋል። ቱቦው በአልኮል ይረጫል። ስሙ ይሄዳል። ያልሄደው ደግሞ «ከድር መሐመድ» ይላል። ጅማ ውስጥ ስንት ከድር መሐመድ እንዳለ የጅማ ሰው ያውቀዋል። አንድ ማታ ከአንድ አካባቢ የመጡ ሁለት ቱቦዎች ስማቸው አንድ፣ ቀበሌያቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው ሁለቱም 40 ሆኖ አገኘናቸው። ዕድሜ ደግሞ አትመኑ፤ ቅጹን ብታዩ አገሩ ሁሉ ወይ 30፣ ወይ 40፣ ወይ 50 ነው፣ መሐል ላይ ሰው የለም። የሚለያቸው የስልክ ቁጥሩ ብቻ ነበር፣ እሱም በአንዱ ቅጽ ላይ አልተሞላም። አንደኛው ፖዘቲቭ ነው እንበል። ማንን ነው ከቤቱ የምታወጡት? የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስቷ ሁለቱንም ናሙና መልሳ አስወሰደች። ያን ማታ ትንሽ ተናድጄባት ነበር፣ ደክሞኛል። ትክክሏ ግን እሷ ነበረች፤ የሆስፒታል ላብራቶሪ ያደገች ሰው ናት፣ ከናሙናው በፊት ሰውዬው ነው የሚታያት። ቀስ በቀስ ስሙ ቀርቶ ቁጥር ያለው ተለጣፊ መጣ፣ ነገሩም ረገበ።

ከሁሉ የማልረሳው የአንድ ሀጂን ነገር ነው። ሽማግሌው በአንድ ጤና ተቋም ውስጥ በሳንባ ሕመም አረፉ። ናሙና ተወስዷል፣ ውጤት የለም። ውጤት ከሌለ ጀናዛው አይሰጥም፣ ከተሰጠም በሌላ ሥርዓት ነው የሚቀበረው። በእስልምና ደግሞ ቀብር አይዘገይም፤ ጠዋት የሞተ ሰው ሳይመሽ ይቀበራል። ልጃቸው ስልኬን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። ደወለ።

«እህቴ፣ አፉ በይኝ፣ አውቃለሁ ሥራ ላይ ናችሁ። አባታችንን መቼ ነው የምንቀብረው?»

«ወንድሜ፣ ናሙናው እኛ ጋ አልደረሰም።»

«ትናንት ነው የወሰዱት እኮ።»

«አላህ ያጽናችሁ። አሁኑኑ አስፈልገዋለሁ።»

ናሙናው ያለው እዚያው ተቋሙ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ቅጹ ላይ አንድ ፊርማ ጎድሎ መኪናው ሳይጭነው ሄዷል። በባጃጅ አስመጣነው። ሌላ ሥራ አቁመን ለብቻው አስገባነው፣ አንድ ሰው ከኮንትሮሎቹ ጋር ሳህኑ ላይ ለብቻው። ሪኤጀንት፣ ማለትም የምርመራውን ኬሚካል፣ ማባከን ነው፣ በደንቡ አይደረግም። ማንም ግን አልተከራከረም። ከመግሪብ በኋላ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ፣ ኔጌቲቭ። ልጁ ስነግረው ያለቀሰው ያኔ ነው፤ ሲደውል ድምፁ ደርቆ ነበር። እንግዲህ ማሽኑ የፈጀው ሁለት ሰዓት ነው፣ ፊርማው የፈጀው አንድ ቀን።

ሪኤጀንት ካነሳሁ አይቀር፤ በ2012 መጨረሻ አካባቢ በየቦታው የምርመራው ልክ የሚወሰነው በታማሚው ቁጥር ሳይሆን በዕቃው ነበር። ለአፍንጫ የሚገባው ዘንግ እንኳን ተራ ጥጥ አይደለም፤ የእንጨት እጀታ ያለው ከሆነ ምርመራውን ራሱን ያበላሻል። ከትልልቆቹ አምራቾች አንዱ ያለው ጣሊያን ሎምባርዲ ውስጥ ነው፣ በሽታው መጀመሪያ አውሮፓን ባጠቃበት ቦታ። መጋቢት ላይ የጃክ ማ ዕርዳታ ቦሌ አረፈ፤ ለአፍሪካ አገሮች 1.1 ሚሊዮን የምርመራ ኪትና 6 ሚሊዮን ማስክ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የተከፋፈለው። ደስ ብሎን ነበር። ግን ኪቱ ቢመጣ ኤክስትራክሽኑ ያልቃል፣ ኤክስትራክሽኑ ሲመጣ የፒፔት ጫፍ ያልቃል። ጫፏ የጣት ያህል ፕላስቲክ ናት፣ አንዴ ተጠቅመው ይጥሏታል። አገር በእሷ ይቆማል። በመስከረም 2013 ቦሌ ለሚ የቻይናው ቢ ጂ አይ የኪት ፋብሪካ ተከፈተ። ነሐሴ ላይ ደግሞ አገር አቀፉ የምርመራ ዘመቻ ተካሂዶ፣ ዘመን ሲለወጥ የተመረመረው ድምር 1 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ጥር ላይ ናሙና ወደ ጆሃንስበርግ ትልክ የነበረች አገር ናት። ይህን ስጽፍ ትንሽ ኩራት ቢጤ ይሰማኛል፣ ይፈቀድልኝ።

መብራት? መብራት ይጠፋ ነበር። ማሽኑ ሠላሳኛው ዙር ላይ ሳለ ከጠፋ ሳህኑ ሙሉ ሞቷል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን ከቲቢዎቹ የተዋስነው ነበር።

ስለ ቲቢዎቹ ስናወራ የሚያመኝ ነገር አለ። ሁላችንም ወደ ኮሮና ስንዞር የቲቢው ሥራ ቀጠነ፣ የወባው ቆመ። የቲቢ ሐኪሞች የሚወዱት ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን እንኳን የኮሮና ካርትሬጅ ወጥቶለት ወደዚያው ዞረ። ሳል ያለበት ሰው ሆስፒታል መሄድ ፈራ፤ «አስገብተው አያስወጡኝም» እየተባለ። ኮሮና ነው ተብሎ ተፈርቶ ቲቢውን ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ እንዳወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. በቲቢ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከአሥር ዓመት በላይ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨመረ። ይህን ቁጥር ቲቪ ላይ የሚያነብልን አልነበረም። ወታደር ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው ሲሄድ የተተወው ግንባር ዝም አይልም።

የእኔም ወባ ፍሪዘር ውስጥ ጠበቀችኝ። ተመለስኩ፣ መመረቂያ ጽሑፌን ጨረስኩ፣ እዚያው ሥራ ያዝኩ። አጎቴ አሁን «ልጃችን ኮሮናን የመረመረች» እያለ ነው የሚያስተዋውቀኝ፤ ወባውን አሁንም አይጠይቀኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ክትባቱ መጣ፣ ምርመራው ቀነሰ፣ ለይቶ ማቆያው ተዘጋ፣ ዕርዳታው ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደ። ብዙ ቦታ በወረርሽኙ ሰሞን የመጡ ማሽኖች ፕላስቲክ ለብሰው ተቀምጠዋል። የሠለጠኑት ልጆች አንዱ የግል ላብራቶሪ ገባ፣ አንዷ ውጭ አገር ወጣች፣ አንዱ ባጃጅ ገዝቶ ያስነዳል፣ እውነቴን ነው። የበጀት ስብሰባ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፤ «ይህ ማሽን ባለፈው ዓመት ስንት ሰው መረመረ?» ለሆስፒታል ላብራቶሪ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለእኛ ግን መጠየቅ ያለበት ስንት ሰው ውሃው ሳይበራበት መሥራት ቻለ የሚል ነው፤ እሱን የሚሞላበት ዓምድ ደግሞ ቅጹ ላይ የለም።

በኅዳር 2018 ከጂንካ የማርበርግ ዜና መጣ። ማርበርግ ከኮሮና ጋር አይወዳደርም፤ ከኢቦላ ቤተሰብ ነው፣ ገዳይ ነው። ዜናውን ሳነብ መጀመሪያ የፈለግኩት ማን እንዳረጋገጠው ነው። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነበር፣ በሞለኪውል ምርመራ፣ እዚሁ አገር፣ አዲስ አበባ። ናሙናው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ አገር አልተጠበቀም። ግን ጂንካ ከአዲስ አበባ ከጅማም በላይ ይርቃል፣ ናሙናውም ያን ያህል ርቀት መጥቷል።

በዚያው ሳምንት የማሽናችንን የጥገና ውል ለማሳደስ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር። ስለ ጂንካ አንድ አንቀጽ ጨመርኩበት። መልሱ ገና አልመጣም፤ እስከዚያው ማሽኑ ላይ ወባ እየሠራን ነው።